ቀይ ዛፎቹ ሥር የተገነዘው ሰው

አስከሬኑን ያገኘችው የፓርኩ ጠባቂ፣ ሬንጀሯ ናት። ሰኞ ጠዋት ጉም ከባሕሩ ተነስቶ ሬድውድ የሚባሉትን ግዙፍ ቀይ ዛፎች እስከ ወገባቸው ውጧቸው ነበር። ከቅርንጫፎቹ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ዝናብ ግን የለም። በካምፑ መጨረሻ ካለው ድንኳን ፊት ለፊት ጋቢ የለበሰ ሰው ተጋድሟል። የተኛ መስሏት ጠራችው። ከዚያ ጋቢውን ገለጠች። ስልክ በዚያ ሸለቆ ውስጥ ስለማይሠራ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጠች።

ንጋቱ የካውንቲው የግድያ መርማሪ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በሱዳን በኩል የወጣ፣ ሃምሳ ያለፈው፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። ባልደረባው ኮሊንስ ቀድሞት ደርሶ ነበር።

«የአንተ አገር ሰው ይመስላል፤ መልኩን ማየት ከቻልክ» አለ ኮሊንስ።

የሰውየው የራስ ቅል በግራ በኩል ገብቷል። አንዱ ጉንጭ እስከ ጥርሱ ተከፍቷል። የቀኝ እጁ ጣቶች ተሰባብረው በየአቅጣጫው ዞረዋል። ዓይኖቹ ግን ተከድነዋል። አገጩ በነጭ ጨርቅ ከአናቱ ጋር ታስሯል። የእጆቹ አውራ ጣቶች ተገጥመው በዚያው ጨርቅ ታስረዋል፤ የእግሮቹም እንዲሁ።

«አስሮ አሰቃይቶ ነው የገደለው» አለ ኮሊንስ።

ንጋቱ ተንበረከከ። «ጨርቁን እየው። ደም አልፈሰሰበትም። የታሰረው ከሞተ በኋላ ነው።»

«የሞተ ሰው ማሰር ምን ይጠቅማል?»

«ግንዘት ነው። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ዓይኑ ይከደናል፤ አገጩና አውራ ጣቶቹ ይታሰራሉ። ለመቃብር ነው።»

«ገዳዩ ጨፍጭፎ ሲያበቃ ለቀብር አዘጋጀው?»

«ወይም አንዱ ጨፈጨፈ፣ ሌላው ገነዘ።»

ከጨርቁ በአንዱ ጫፍ አረንጓዴ ክር ተንጠልጥሏል። ንጋቱ ክሩን ለብቻው አስቀመጠው።

መታወቂያው ተክለጻድቅ ይላል። ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ጡረተኛ ነው። ሬንጀሯ በደንብ ታስታውሰዋለች። ከገባ ጀምሮ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ሰላም ስትለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፤ በቃ።

«ዱዳ ነበር?» አለ ኮሊንስ።

«አይደለም» አለ ንጋቱ። «ነሐሴ ነው፤ የፍልሰታ ጾም። ሱባኤ ገብቶ ነው። አገር ቤት በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጎጆ ይቀለሳል። እሱ እዚህ መጣ። አርምሞ ይዞ ነበር፤ ካልጨረሰ አይናገርም።»

በየድንኳኑ አጠገብ አውሬ እንዳይደርስበት ምግብ የሚቆለፍበት የብረት ሳጥን አለ። ንጋቱ ከፈተው። የተዘፈዘፈ ሽምብራ፣ በሶ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል። ይህ የሽማግሌው ነው። በታችኛው መደርደሪያ ግን እንቁላል፣ ወተት፣ የታሸገ ዶሮ አለ።

«ፍልሰታን የያዘ ሰው ይህን በዓይኑም አያየውም» አለ። «አብሮት የማይጾም ሰው ነበር። ሕፃን፣ በሽተኛ፣ ነፍሰ ጡር። ወይም ሙስሊም።»

ከዛፍ ጀርባ ሁለተኛ ድንኳን ነበር። ውስጡ የሴት ሹራብ አለ። ወደ ባሕሩ በሚወስደው ቀጭን መንገድ ላይ አንድ የሴት ስኒከር ወድቋል፤ ውስጡ ደም አለ። ከዚያ ወዲያ ፈርን የሚባለው ቅጠላም ተክል ብቻ ነው፤ ወገብ የሚደርስ፣ እርጥብ፣ ዱካ የማይዝ።

ጫማው አዲስ ነው። ንጋቱ ቀና ብሎ ተራራውን አየ። በጉሙ ምክንያት ሄሊኮፕተር አይነሳም። በዚያ ብርድ አንዲት የቆሰለች ሴት አለች፤ ምናልባት በሕይወት። ሽማግሌውን የጨፈጨፈው ሰው ከኋላዋ ይሁን አይሁን ግን አይታወቅም።

ከሰዓት በፊት የፖሊስ ውሾች አንድ መጥረቢያ ከወንዙ ውስጥ አገኙ። እጀታው ላይ ቀይ ቴፕ ተጠቅልሎበታል። ሬንጀሯ ደግሞ ምግብ እያመጣ የሚሄድ ሰው ነበር አለች። ነጭ ቫን፣ ሸበቶ ጺም፣ ቆብ። ቫኑ ላይ የሳን ፓብሎ ሱቅ ስም አለ።

*

የሱቁ ባለቤት ሓሚድ የከረን ሰው ነው። ሱቁ ቅመም፣ መጥረጊያ፣ የስልክ ካርድ፣ ሁሉንም ይሸጣል። መዶሻው፣ መቀሱ፣ መሰላሉ፣ የራሱ ዕቃ ሁሉ ቀይ ቴፕ አለበት።

«ይሰርቁኛል» አለ፣ ንጋቱ ሲያይ አይቶ። «ቴፑን ሳይነቅሉ ነው የሚሰርቁት። ምን ልርዳህ?»

«ጋሽ ሓሚድ፣ ተክለጻድቅ ሞቷል።»

ሓሚድ የምስር ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«ብቻውን ነው?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ብቻውን ነው ወይ ያገኛችሁት?»

ንጋቱ ጥያቄውን ያዘው፤ አልመለሰውም። «የተገደለው በእርስዎ መጥረቢያ ነው።»

«እንጨት ይፍለጥበት ብዬ ሰጠሁት።»

«እንቁላሉንና ዶሮውንስ?»

«እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

«ለማን?»

ሓሚድ ከጆንያው የወደቀ ምስር ለቀመ።

«ባለፈው ወር ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተጨቃጭቃችኋል። ሰው ሰምቷል።»

«ተጨቃጭቀናል። ጫካ ይዘሃት አትግባ አልኩት። እዚህ እኔ...» ሓሚድ አፉን ዘጋ።

«ይዟት የገባው ማንን ነው?»

«ተሳሳትኩ።»

«ጫማዋ እኔ ጋ ነው። ደም አለበት። ጉም ውስጥ ናት፣ ጋሽ ሓሚድ። ዛሬ ካላገኘናት ብርዱ ይገድላታል።»

ሽማግሌው ከጆንያው ተነሳ። ሁለት እጆቹን አቅርቦ ዘረጋ።

«ካቴናህን አምጣ። ቃል አስገብቶኛል፤ አልናገርም።»

«ሰውየው እኮ ሞቷል።»

«ስለሞተማ ነው። ብነግርህ ፖሊስ ታመጣባታለህ። ፖሊስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እየሳቀ፣ እጁን ጨብጦ ሄደ።»

«የማንን እጅ?»

ሓሚድ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ኮሊንስ መኪና ውስጥ ሲያስገባው፣ «ሰውዬህ ይኸው ነው» አለ። «መጥረቢያው አለ፣ ጠቡ አለ፣ ዝም ብሏል።»

«ይህ ሰው ሙስሊም ነው» አለ ንጋቱ። «እነሱም ይገንዛሉ፤ ግን አውራ ጣት ለአውራ ጣት አያስሩም። ያን ያደረገው ክርስቲያን ነው።»

«ራስህ ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል አላልክም?»

ንጋቱ ብሏል። ስለዚህ ሓሚድ ታሰረ።

*

ተክለጻድቅ ያለችው አንድ ልጅ ናት፤ ብሩክታዊት። ማቲዎስ የሚባል ሰው አግብታ ዩኒየን ሲቲ ትኖራለች። ኮሊንስ እንደውልላት አለ።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አለ ንጋቱ። «ደግሞ ፊታቸውን ማየት እፈልጋለሁ።»

መርዶ የሚነገረው ማልዶ ነው፤ ጊዜ ግን አልነበረም። ንጋቱ ከቤተ ክርስቲያን አቶ ባዩ የሚባሉ ሽማግሌን ለመነና ከሰዓት በኋላ አብረው ሄዱ። ባዩ መንገዱን ሙሉ ሲጨነቁ ነበር።

«ይሄ ሰዓት የመርዶ ነው? ሰው ምሳ በልቶ ሳይጨርስ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አቶ ባዩ።»

በሩን የከፈተችው የማቲዎስ እናት ወይዘሮ እጅጋየሁ ናት። ሰባ የሚጠጋት፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ሴት። ሁለቱን አየት አድርጋ ሁለት እጇን ወደ አንገቷ ላከች። የነጠላዋ አረንጓዴ ጥለት አገጯ ሥር ነበር። ጠቅልላ ጨበጠችው።

ንጋቱ ነጠላውን አየና ጫማውን አወለቀ።

ማቲዎስ ከውስጥ ወጣ። ሳኒቬል ከተማ ባለ የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ ነው የሚሠራው። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ጨዋ። መዳፉ ላይ ፋሻ አለ።

«መኪና ስጠግን ነው፣ ጋሼ» አለ፣ ሳይጠየቅ። «ምነው፣ በሰላም?»

ባዩ ነገሩት። እጅጋየሁ ጮኸች፤ ጩኸቷ የውነት ነበር፤ ደረቷን እየመታች ምንጣፉ ላይ ወደቀች። ማቲዎስ በጉልበቱ ተንበረከከና ፊቱን በፋሻው ሸፈነ።

«ብሩክታዊት የት ናት?» አለ ንጋቱ።

«ሲያትል፣ አክስቷ ጋ። ሰባተኛ ወሯ ነው፤ ትረፍ ብዬ ላክኋት።»

ንጋቱ ስኒከሩን በላስቲክ እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ማቲዎስ አየው። ቀስ ብሎ ነካው።

«የእሷ ነው።» ድምፁ ተሰበረ። «ዋሸችኝ ማለት ነው። አባቷ ጋ ነበረች?»

«ትላንት ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ከማዘር ጋር። ጠይቋት።»

«ከእኔ ጋር ነበር» አለች እጅጋየሁ፣ ከምንጣፉ ላይ ሳትነሳ። ማንንም አላየችም።

«ያ ሓሚድ ነው» አለ ማቲዎስ። «ከዱሮም በቤታችን ጉዳይ ጣልቃ ይገባ ነበር። ነገ አብሬ ልፈልጋት። የእኔን ድምፅ ከሰማች ትወጣለች።»

ንጋቱ ስኒከሩን ከጠረጴዛው አነሳ። «ና» አለው። «እናትህንም ይዘህ ና። ሲያገኟት ሴት ታስፈልጋታለች።»

ወደ መኪናው ሲመለሱ ባዩን ጠየቃቸው።

«ወይዘሮ እጅጋየሁ በቅርቡ ሰው ሞቶባቸዋል?»

«ኧረ የለም። ከትላንት ወዲያ ቅዳሴ ላይ አይቻቸዋለሁ። ደህና ነበሩ። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

*

ያን ዕለት እስኪመሽ ፈለጉ። አላገኟትም። ያገኙት ባሕር ከተፋው ግንድ ጎጆ ሠርቶ የሚኖር አንድ ጺማም ሰው ነው። የተክለጻድቅ የእጅ ባትሪ ኪሱ ውስጥ ተገኘ። ኮሊንስ አሸዋው ላይ ደፍቶ ካቴና አስገባለት፤ ሰውየው ተራገጠ፣ አፍንጫው ደማ።

«መሬት ወድቆ ነው ያገኘሁት» አለ። «እዚህ ሰይጣን አለ። እሑድ ሊጨልም ሲል ነጭ የለበሰች ሴት ወንዙ ውስጥ ተንበርክካ እጇን ስትታጠብ አይቻለሁ። አሮጊት ናት። እያለቀሰች ትዘምራለች።»

«ጠጥቷል» አለ ኮሊንስ።

«ጠጥቷል» አለ ንጋቱ። «ግን ነጭ የለበሰች አሮጊት ከየት አመጣ?»

*

ማክሰኞ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች በአምስት መኪና መጡ። ጉሙ አልተነሳም። ንጋቱ ሓሚድንም ከእስር ቤት አስመጥቶ ፖሊስ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦት ነበር። ሽማግሌው ቦታውን ያውቃል፤ ጫካውን ሲያይ ልቡ ይራራ ይሆናል ብሎ ነው። ሓሚድ ግን መስኮቱ ላይ ጭንቅላቱን አስደግፎ ተቀመጠ።

ፈላጊዎቹ ተሰልፈው ገቡ። ማቲዎስ መሐል ላይ ነው፤ ንጋቱ አንድ ፖሊስ ከጎኑ አድርጎለታል። «ብሩኬ! ብሩኬ፣ እኔ ነኝ!» የሚለው ድምፅ ከዛፍ ዛፍ እየተቀባበለ ወደ ላይ ወጣ።

ኮሊንስ እየሮጠ መጣ። «እስረኛህ መስኮቱን በጭንቅላቱ እየሰበረው ነው።»

የሓሚድ ግንባር ተተርትሮ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ይወርዳል። ንጋቱ በሩን ሲከፍት ሽማግሌው በታሰሩ እጆቹ አንገቱን ያዘው።

«ይህን ሰው ማን አመጣው? አንተ ነህ ያመጣኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ደንቆሮ። የሸሸችው ከእሱ እኮ ነው። ክንዷን ሰብሮታል፣ በሆዷ ረግጧታል። እኔ አፌን የዘጋሁት አንተን ጠልቼ አይደለም፤ ባልየው ነው ብልህ ጠርተህ ታነጋግረዋለህ፣ ቦታውን ይሰማል ብዬ ነው። አሁን በጥሪው የሚያስደነብራትም እሱ፣ የሚያሳድዳትም እሱ።»

ንጋቱ የሽማግሌውን እጅ ከአንገቱ አላቀቀ። ዞሮ ወደ እጅጋየሁ ሄደ። የተገደለው ሰው ድንኳን አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከመጣች ጀምሮ መሬቱ ላይ ደሙ ደርቆ የጠቆረውን ቦታ አላየችውም። ሌሎቹ ግን ሲያልፉ ሁሉ ያዩታል።

ንጋቱ ከኪሱ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት አወጣ። አረንጓዴው ክር ውስጡ አለ።

«እትዬ፣ የነጠላዎን ጫፍ ያሳዩኝ።»

አልተንቀሳቀሰችም።

«ትላንት በሩን ሲከፍቱልኝ ነጠላዎን አዘቅዝቀው ነበር። ጥለቱ አገጭዎ ሥር ነበር። እኔ ገና አፌን አልከፈትኩም። አቶ ባዩም አልተናገሩም። የማንን ሐዘን ለብሰው ነው የጠበቁን?»

እጇ ወደ አንገቷ ሄደ፤ እዚያው ቀረ።

«ሳላውቀው ነው» አለች። «ሌሊቱን ለብሼው አደርኩ።»

«ይንገሩኝ። በቶሎ።»

«ማቲዎስ ሽማግሌ ሆነሽ ለምኛት አለኝ። ተመለሺ በያት፣ እግሯ ላይ ውደቂ አለኝ። ከቤተ ክርስቲያን ሰው ጠይቆ ነው እዚህ መሆናቸውን ያገኘው። መጣን። እሷ ወደ ባሕሩ ወርዳ ነበር። የት ናት አለው። ተክለጻድቅ አርምሞ ላይ ነው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለለት። ናቀኝ አለ። ጣቱን ሰበረው። ሌላውንም ሰበረው። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ያየዋል እንጂ አይናገርም። እኔ እግሩን ይዤ እለምናለሁ፤ የልጄን እግር። ረግጦ ጣለኝ። ልጅቱ ስትመጣ አየች፤ ጮኸች። ያኔ መጥረቢያውን አነሳ።»

«ከዚያስ?»

«እሷ ሮጠች። ተከተላት፣ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ጫካ ገባች። እሱ እስኪመለስ እኔና ሬሳው ብቻችንን ነበርን። እንደ ውሻ ተከፍቶ ልተወው? ከነጠላዬ ቀደድኩ።»

«እሷ ግን ሁለት ሌሊት እዚህ ናት። እርስዎ ምንጣፍ ላይ ነበሩ።»

እጅጋየሁ ቀና ብላ አየችው። «ልጄ ነው» አለች።

በዚያው ቅጽበት ንጋቱ ዝምታውን ሰማ። «ብሩኬ» የሚለው ጥሪ ቆሟል። ከማቲዎስ ጎን የነበረው ፖሊስ ከፈርኑ ውስጥ እጁን አናቱ ላይ ይዞ ወጣ፤ በጣቶቹ መሐል ደም ይፈሳል።

«በድንጋይ መታኝ» አለ። «ሄዷል። ወደ ላይ።»

*

ሓሚድ እጁ እንደታሰረ ፊት ፊት ወጣ። በሰባ ዓመቱ እንደ ፍየል ይወጣል። መንገድ የለም፤ የወደቀ ግንድና ጭቃ ብቻ ነው።

«ሰው ከመጣ የተቃጠለው ዛፍ ውስጥ ግቢ ብያታለሁ» አለ፣ እያለከለከ። «ውስጡ ክፍት ነው። ቤት ያህላል። የእኔን ድምፅ እስክትሰሚ አትውጪ ብያታለሁ።»

ጩኸቱን ሰሙት። የሴት ነው።

ዛፉ ከዳገቱ ጫፍ ቆሟል፤ ግንዱ ከሥሩ ተቃጥሎ እንደ ዋሻ ተከፍቷል። ማቲዎስ በፀጉሯ ይዞ እየጎተታት ነበር። ብሩክታዊት አንድ እግሯ ባዶ ነው፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጠቁሯል። በእጇ የድንኳን ካስማ አለ። ጉንጩን በካስማው ወግታዋለች፤ በቀዳዳው በኩል ጥርሱ ይታያል። ሆዷን በሌላው እጇ ሸፍናለች።

«ልቀቃት» አለ ንጋቱ። ሽጉጡን አወጣ።

«ሚስቴ ናት፣ ጋሼ።» ቃሉ ከደም ጋር ወጣ። «የቤት ጉዳይ ነው።»

«ልቀቃት፣ ማቲዎስ።»

ማቲዎስ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳ። ሁለት እጅ የሚፈልግ ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ ፀጉሯን ለቀቀ። ከጭንቅላቷ በላይ ከፍ አደረገው። ሓሚድ የታሰረ እጁን ይዞ ወደ እሷ ሮጠ።

ንጋቱ ተኮሰ።

ማቲዎስ ድንጋዩን እንደያዘ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ድንጋዩ ከኋላው ወደቀ፤ እሱም ተከተለው። ከደረቱ አየር ፉጨት እያሰማ ወጣ። እግሩ ፈርኑን ሁለት ጊዜ መታ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

ሓሚድ ልጅቷ አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። «ይኸው ድምፄ» ይላል። «ይኸው መጣሁ፣ የኔ ልጅ። ዘገየሁ።»

«አባዬስ?» አለች።

ሓሚድ መሬቱን አየ። እጇን ከሆዷ አላነሳችም።

«ይራገጣል» አለች።

እጅጋየሁ የደረሰችው ኮሊንስ እየደገፋት ነው። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኗል። ልጇን አየችው። ዓይኑ ክፍት ነው፤ አፉም ክፍት ነው። ሁሉም ትጮኻለች ብለው ጠበቁ። አልጮኸችም። አልፋው ወደ ብሩክታዊት ሄደች። ልጅቷ ወደ ዛፉ ሸሸች፤ ሓሚድ መሐላቸው ገባ።

«ምንም አላደርጋትም» አለች እጅጋየሁ።

ነጠላዋን አወለቀች። ገለበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ታች አደረገች፤ የተቀደደውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፈች። ከዚያ ለሓሚድ ሰጠችው። ሓሚድ ብሩክታዊትን አለበሳት።

አሮጊቷ ራሷን ሳትሸፍን ወደ ልጇ ተመለሰች። አጠገቡ ተቀመጠች። ዓይኑን ከደነች። ጫማውንና ካልሲውን አወለቀች፤ አውራ ጣቶቹን ገጠመች። ማሰሪያ ፈለገች፤ ወገቧን ዳበሰች፣ ክንዷን ዳበሰች። ምንም የላትም።

ንጋቱ ሽጉጡን ለኮሊንስ ሰጠ። ቁጭ ብሎ የራሱን ጫማ ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

«ማስረጃ ነው፤ ሬሳው አይነካም» አለ ኮሊንስ ቀስ ብሎ። «የገደልከው ደግሞ አንተ ነህ።»

«አውቃለሁ» አለ ንጋቱ፤ ማሰሪያውን መዝዞ ለአሮጊቷ አቀበላት።